ደንገጎ ላይ የሚያፏጭ ላፕቶፕ፦ የመኪናን ድምፅ ከጩኸት እንዴት እንደማጸዳ

ጩኸቱ የባሰው የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ነው። ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር ሰርገኛ ጭነን ነበር። መኪናው ናፍጣ ሃይኤስ ሚኒባስ ነው። እኔ ከሹፌሩ ጎን ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከላፕቶፑ አንድ ጃክ ገመድ ወደ ቴፑ ይሄዳል፤ ከቴፑ ወደ አምፕ (ድምፅ ማጉያው)፣ ከአምፑ ወደ ስፒከሮቹ። ከተማ ውስጥ ሳለን ጭብጨባውና እልልታው ስለሸፈነው ብዙም አልተሰማም። ዳገቱ ሲጀምርና ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ግን ከስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት ተነሳ። ነዳጅ ሲጨምር ፉጨቱ ይቀጥናል። ማርሽ ሲቀይር ይወርዳል፤ ከዚያ ደግሞ ይወጣል። በሁለት ዘፈን መሀል ጸጥ ሲል መኪናው ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ኋላ የተቀመጡት የሙሽራዋ አክስት፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ለምን ያለቅሳል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ሐረር ድረስ ጸጥታ እንዳይፈጠር ዘፈን በዘፈን ላይ ስደርብ ሄድኩ።

እኔ የምኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ሥራዬ ሰርግ ላይ ድምፅ መዘርጋት ነው። በእኛ አካባቢ ሙሽሮች ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ድሬ ይመላለሳሉ፤ መንገዱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ አጃቢውም መንገድ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ ኦሮምኛ ይላል፣ አንዱ ሶማልኛ፣ አንዱ የሐረሪ፣ አንዱ አማርኛ። ማይክ የሚጠይቅም አለ። ይሄን ሁሉ ፍላሽ አይችለውም፤ ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ላፕቶፕ መኪና ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጩኸቱ አብሮ ይገባል። ከዚያ ሰርግ በኋላ ነገሩን እስክረዳው ድረስ ብዙ ገንዘብ ባልሆነ ቦታ አወጣሁ። እናንተ እንዳታወጡ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስሙት

ብዙ ሰው ጩኸት ሲሰማ ቀጥታ እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ሄዶ «የጩኸት ማጥፊያ አለ?» ይላል። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሦስት ዓይነት ማጣሪያ ገዛሁ፤ ሦስቱም የእኔን ችግር የሚፈቱ አልነበሩም። ጩኸት አንድ በሽታ አይደለም። ከየት እንደመጣ ግን በድምፁ ይታወቃል።

ነዳጅ ስትረግጡ የሚቀጥን፣ ስትለቁ የሚወፍር ፉጨት ከሆነ ምንጩ ዲናሞው ነው። ዲናሞ የሚያመነጨው ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኮረንቲ ነው፤ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ናቸው ወደ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ወደሚሄድ ኮረንቲ የሚቀይሩት። የተቀየረው ዲሲ ግን ልሙጥ አይደለም፣ ጥቃቅን ሞገድ አለበት። በተለመደው ባለ 12 ፖል (የማግኔት ጫፍ) ዲናሞ አንድ ዙር 36 ሞገድ ይሰጣል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር፣ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጂያ ሁለት ተኩል እጥፍ ካፈጠነው ዲናሞው 2000 ዙር ይዞራል። ያ በሰከንድ 1200 ሞገድ ማለት ነው። ሞተሩ 3000 ሲደርስ 4500 ይሆናል። ሁለቱም የሰው ጆሮ በደንብ የሚሰማው ድምፅ ነው። የሙሽራዋ አክስት የሰሙት ልቅሶ ይሄው ነው።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን ከሆነ ካንዴላ ነው። ናፍጣ መኪና ካንዴላ ስለሌለው እዚያ ላይ አትፈልጉት።

ሞተሩ ቢፈጥንም ባይፈጥንም የማይለወጥ «እምምም» ወይም «ዝዝዝ» ከሆነ ኢንቨርተሩን (12 ቮልቱን 220 የሚያደርገውን ሳጥን) ጠርጥሩ። ማውስ ስታንቀሳቅሱ ወይም ፋይል ስትከፍቱ የሚጭር ድምፅ ከላፕቶፑ ከራሱ ነው። ፍሬቻ ስታበሩ «ጧ፣ ጧ» ካለ ከፍሬቻው ጋር አንድ መስመር ተጋርታችኋል። ሁልጊዜ ያለ ልሙጥ ሽሽታ ደግሞ የድምፅ መጠን አቀማመጥ ችግር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከሰማችሁ በኋላ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሞተሩ ይነሳ፣ መብራት ይብራ፣ ዘፈኑ ይቁም፣ ድምፁ ግን ከፍ ብሎ ይቆይ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ንቀሉ፤ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሥራ። ፉጨቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ካልጠፋ ጃኩን ከላፕቶፑ ነቅላችሁ ቻርጅ ላይ ያልሆነ ስልክ ላይ ሰኩት። ጃኩን ባዶውን አየር ላይ አትተዉት፤ ባዶ ጃክ እንደ አንቴና ሆኖ የራሱን ጩኸት ይሰበስብና ያሳስታችኋል። ስልኩ ላይ ጸጥ ካለ ችግሩ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ስልኩም ላይ ከጮኸ ገመዱ፣ ቴፑ ወይም አምፑ ነው። ያኔ ከቴፑ ወደ አምፑ የሚሄደውን ገመድ ከአምፑ ንቀሉ። አሁንም የሚጮህ ከሆነ አምፑ ራሱ ወይም የእሱ መብራት መስመር ነው።

ይሄ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይሄን አሥር ደቂቃ ሳላጠፋ ነው ሦስት ማጣሪያ የገዛሁት።

ኔጋቲቩ የት ነው የታሰረው?

የእኔ ፉጨት ቻርጀሩን ስነቅል ጠፋ። ስመልሰው ተመለሰ። ይሄ ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» የምንለው፣ የድምፅ ሰዎች ግራውንድ የሚሉት ነገር ጣጣ ነው። መኪና ውስጥ ላፕቶፕ ለሚሰካ ሰው ዋናው ጉዳይ ይሄ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ጃክ ገመድ ውስጥ ድምፁን የሚሸከሙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ግራና ቀኝ። በእነሱ ዙሪያ የተጠመጠመ ሦስተኛ አለ፤ እሱ ግራውንድ ነው። ቴፑ ድምፅ የሚለው በሽቦውና በግራውንዱ መሀል ያለውን ልዩነት ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ሲሠራ ግራውንዱ በጃኩ ብቻ ከመኪናው ጋር ይገናኛል። መንገዱ አንድ ነው። ቻርጀሩን ስትሰኩ ግን ሁለተኛ መንገድ ይከፈታል፤ አብዛኛው የመኪና ቻርጀር የላፕቶፑን ግራውንድ ከመኪናው ኔጋቲቭ ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። አሁን ኮረንቲው በሁለቱም መንገድ መመለስ ይችላል። ከፊሉ በድምፅ ገመዱ በኩል ይሄዳል። ዲናሞው በመስመሩ ላይ የጫነውን ሞገድም አብሮ ይዞት ይሄዳል። ቴፑ ይሄንን ከዘፈን መለየት አይችልም።

መጠኑን በቁጥር ላሳያችሁ። ላፕቶፕ 65 ዋት ከፈለገ ከ12 ቮልት ላይ የቻርጀሩን ብክነት ጨምሮ ወደ 6 አምፔር ይስባል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 5 ሜትር ቢሄድ ወደ 0.035 ኦም አለው። 6 አምፔር ሲያልፍበት 0.2 ቮልት ሽቦው ላይ ይቀራል። ከላፕቶፕ ጃክ የሚወጣው የዘፈን ምልክት ራሱ ቢበዛ 1 ቮልት አካባቢ ነው። በመሀል ጥቂት ሚሊቮልት ከተወዛወዘ ጆሮ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን፣ «ወንድሜ፣ ከሲጋራ መለኮሻው አትውሰድ፣ ከባትሪው ቀጥታ ሳብ» አለኝ። ትክክል ነው። እኔ ግን ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም ከባትሪው ጎተትኩ። ንጹህ መስመር ሠራሁ ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ። ፉጨቱ ከበፊቱ ባሰ። ለምን ቢባል የላፕቶፑ ኔጋቲቭ ባትሪው ጋ፣ የአምፑ ኔጋቲቭ ከወንበር ስር ቦዲው ላይ ሆኑ። በሁለቱ ቦታዎች መሀል ያለው ልዩነት በሙሉ የተጫነው በዚያች ቀጭን ጃክ ገመድ ላይ ነው።

መፍትሔው ይሄ ነው። ፖዘቲቩ ከባትሪው ይምጣ። ኔጋቲቩ ግን የአምፑ ኔጋቲቭ የታሰረበት ቡሎን ላይ ይታሰር። ቴፑንም፣ የላፕቶፑን ቻርጀርም፣ የማይኩን ሚክሰርም፣ ሁሉንም እዚያው አንድ ቡሎን ላይ ሰብስቡ። ሁሉም ከአንድ ቦታ ከተነሱ፣ ያ ቦታ ቢወዛወዝ እንኳ አብረው ይወዛወዛሉ፤ በመሀላቸው ልዩነት አይኖርም።

ቡሎኑን ደግሞ እዩት። እኔ የአምፑን ፈትቼ ሳየው ከስሩ ነጭ ቀለም ነበር። ፋብሪካው የቀባው ቀለም፣ እንዳለ፣ ሳይፋቅ። ኮረንቲው የሚያልፈው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር። ዕድሜ ልክ ብታጠብቁት ቀለም ቀለም ነው። በብርጭቆ ወረቀት የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ፋቅኩ፣ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ድረስ። የሽቦዎቹን ጫፍ ቀለበት ባለው ተርሚናል ጨምቄ በስታኞ አሰርኩ። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከስር አደረግኩ፣ ዳዶውን በቁጥር 10 ቁልፍ አጠበቅኩ፣ ከላይ ዝገት እንዳይገባ ቫዝሊን ቀባሁበት። ቫዝሊኑ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከታሰረ በኋላ። የደህንነት ቀበቶ የታሰረበትን ቡሎን ግን ለዚህ ሥራ በፍጹም አትንኩት። እሱ የሰው ሕይወት የሚይዝ ቡሎን ነው።

ከማሰሬ በፊትና በኋላ በቴስተር ለካሁት። እናንተም ለኩት፣ ቀላል ነው። ጃኩ ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ ይቆይ፣ ከቴፑ በኩል ብቻ ንቀሉት። ሞተሩ ይነሳ፣ መብራቱ ይብራ፣ ቻርጀሩ ይሰካ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በነቀላችሁት ጃክ ከፕላስቲኩ አጠገብ ባለው ቀለበት ላይ፣ ሌላውን የአምፑ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። የእኔ መጀመሪያ 0.21 ቮልት አለ። ሁሉንም አንድ ቡሎን ላይ ከሰበሰብኩ በኋላ 8 ሚሊቮልት። ቴፑን መልሼ ሰካሁ፣ ነዳጅ ረገጥኩ። ዝም አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥኩት፣ አላመንኩም ነበር።

የመብራቱ መስመርና ዲናሞው

ፖዘቲቩን ከባትሪ ስትስቡ ፊውዙ ከባትሪው ከ30 ሳንቲ ሜትር አይራቅ። ለአንድ ላፕቶፕ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ፊውዙ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፤ ከላፕቶፑ አጠገብ ብታስቀምጡት እስከዚያ ያለው ሽቦ ቦዲ ቢነካ መኪናው ይቃጠላል። ሽቦው ብረት የሚበሳበት ቦታ ላይ ጎማ አስገቡ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ። ሞተር እየሠራ ግን ባትሪ አትፍቱ፤ ዲናሞው በድንገት የሚተፋው ቮልት የመኪናውንም የእናንተንም ኤሌክትሮኒክስ ያበላሻል።

የመብራቱ ሽቦ በግራ ከሄደ የድምፁ ገመድ በቀኝ ይሂድ። መሻገር ግድ ከሆነ መስቀልኛ ይሻገሩ፣ ጎን ለጎን አይተኙ። የተረፈ የድምፅ ገመድ ጠቅልላችሁ ከአምፑ ጀርባ አትወትፉ፤ አጭር ገመድ ግዙ።

ግራውንዱን አስተካክላችሁም ፉጨቱ ካልጠፋ ዲናሞውን ለኩ። መጀመሪያ ዲሲ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቀይሩ፣ መብራት አብሩ፣ እዚያው ባትሪው ላይ ለኩ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። ወደ 0.5 ከተጠጋ አንዱ ዳዮድ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ያንን ማጣሪያ አይሸፍነውም፣ ዲናሞው ይጠገን። አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር ኤሲ ላይ ሆኖ ዲሲውንም ይቆጥርና 25 ቮልት ምናምን ያሳያል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ለኩ። ዜሮ ካላለ ቴስተሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዲናሞውን በከንቱ እንዳታስፈቱ።

ኢንቨርተር የማይወድ ሰው ካለ እኔ ነኝ። 12 ቮልቱን 220 ታደርጉታላችሁ፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ደግሞ መልሶ 19 ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ ይለወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፣ ሁለት ጊዜ ይግላል። ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ የሆነ ነው፤ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለው ለስላሳ አይደለም። «ዝዝዝ» የሚለው ከዚያ ይመጣል። የላፕቶፑ ብረት ጣት ላይ ንዝር ካደረገም ያው ነው። ከ12 ቮልት ወደ 19 ቮልት በቀጥታ የሚቀይር የመኪና ቻርጀር ግዙ፣ ዋቱን ከላፕቶፑ ቻርጀር ጀርባ አንብባችሁ። ኢንቨርተር የግድ ከሆነ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠውን ፈልጉ፣ ከድምፅ ገመድም አርቁት። የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር ቆርጠው ጩኸት የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል። ግን 220 ቮልት መኪና ውስጥም 220 ቮልት ነው፤ ያ እግር የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው። አታድርጉት።

የሚሸጡት ዕቃዎች

ሁሉም ከንቱ አይደሉም። ቦታቸውን ማወቅ ነው።

ግራውንድ አይሶሌተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን ጃክ ገመዱ መሀል ይገባል። ውስጡ ሁለት ትራንስፎርመር አለ። ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፣ ግራውንዱ ግን ይቆረጣል። ግራውንዱን ማስተካከል ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ የተከራየ መኪና ላይ ለሚሠራ፣ ፈጣን መፍትሔ ነው። ርካሹ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ትራንስፎርመሩ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ መሸከም አይችልም። እኔ ስሞክረው ፉጨቱ ጠፋ፣ ከበሮውም አብሮ ጠፋ። ጭብጨባው አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ከበሮው ግን ካርቶን የሚመታ ነው የሚመስለው። ለሰርግ ይሄ አይሆንም። ስትገዙ ከበሮ ያለበት ዘፈን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ በሳጥኑና ያለ ሳጥኑ አወዳድሩ።

ብሉቱዝ መቀበያ ሽቦውን ጨርሶ ያስቀራል። ሆኖም መቀበያው መብራቱን ከመኪናው ዩኤስቢ ከወሰደ ጩኸቱ በዚያ በኩል ይመለሳል። በራሱ ባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። ሌላው ድምፁ ይዘገያል። ለዘፈን ችግር የለውም፤ ስክሪን ላይ ቪዲዮ ካለ ግን አፉና ድምፁ አይገጥምም።

ማውስ ስታንቀሳቅሱ የሚጭረው ጩኸት ካለ ግን ሌላ አትፈልጉ፣ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዙ። የላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ክፍል ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ድምፁን ወደ ውጭ ማውጣት ብቻውን ይበቃል።

ሽሽታውን ለማጥፋት ምንም አትገዙም። የላፕቶፑን ድምፅ 85 ወይም 90 ከመቶ ላይ አድርጉ። የአምፑን ጌይን (የማጉያ መጠኑን ማዞሪያ) እስከ ዜሮ መልሱ፣ ከዚያ የምትፈልጉት ድምፅ እስኪደርስ ብቻ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ላፕቶፑ 30 ላይ፣ አምፑ ጫፍ ላይ። ያኔ አምፑ ዘፈኑንም ሽሽታውንም ፉጨቱንም እኩል ነው የሚያጎላው።

የሐረሩ ፔጆ

ሐረር የሄደ ሰው ፔጆ 404 ታክሲዎቹን ያውቃል። ፔጆ ይሄን ሞዴል ያወጣው በ1960 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ሐረር ላይ ግን ገና ተሳፋሪ ሲጭን አይቼዋለሁ። አንድ ጋሼ የእህታቸው ልጅ ትንሽ ላፕቶፕና አምፕ ገጥሞላቸው «ጠቅ ጠቅ አስቸገረኝ» ብለው አስጠሩኝ። ቤንዚን መኪና ነው፣ ስለዚህ ካንዴላውን ነበር ያሰብኩት። ኮፈኑን ስንከፍት የድምፅ ገመዱ ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት በሚሰጠው ቦቢና ጎን አልፎ፣ ከካንዴላ ገመዶቹ ጋር በናስትሮ ታስሮ አገኘሁት። ልጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ነው ያሰረው።

በካንዴላ ገመድ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው የሚያልፈው። ብልጭ ባለ ቁጥር ዙሪያውን ያለውን ሽቦ ሁሉ ይነካል። ናስትሮውን ፈትተን ገመዱን በሌላኛው ጎን፣ በዳሽቦርዱ ስር ወሰድነው። ጠቅታው በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ካንዴላዎቹን አወጣን፤ ውስጣቸው ሬዚስተር የሌላቸው ነበሩ። ሬዚስተር ያላቸው ካንዴላዎች ብዙውን ጊዜ ቁጥራቸው ውስጥ «አር» የምትል የላቲን ፊደል አለች። ለሞተሩ ልክ የሆነውን፣ ግን «አር» ያለበትን ፈልገን አስገባን። ጋሼ ሞተሩን አስነሱ፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አደረጉ። «አቦ!» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

የመኪናው ዕድሜ ስላረጀ ነው ጩኸቱ የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም። የድሮ መኪና ሽቦው ጥቂት ስለሆነ እንዲያውም ምክንያቱን ማግኘት ይቀላል።

ስለ ሙቀትና ስለ መጨረሻው ፍተሻ

ድሬ ላይ እኩለ ቀን ላይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ላፕቶፕ አትተዉ። ባትሪው ያብጣል። ማጣሪያ ወይም አምፕ ስትገዙ ውስጡን ማየት ከተቻለ ካፓሲተሮቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 85 ዲግሪ የሚልም 105 የሚልም አለ። ለእኛ አገር ፀሐይ 105ቱን ምረጡ። በዚህ ሙቀት ናስትሮም ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል፣ አቧራ ይሰበስባል። የሽቦ መጋጠሚያን በስታኞ አስራችሁ በሙቀት በሚጨማደድ ላስቲክ ሸፍኑት።

ቆሞ የተፈተነ መኪና አልተፈተነም። ጓሮ ውስጥ ጸጥ ያለው መንገድ ላይ ይጮሃል፤ ዲናሞው ሲጫን ነው ነገሩ የሚወጣው። ስለዚህ እኔ ሥራ ስጨርስ ሹፌሩን ይዤ ማታ ደንገጎ እወጣለሁ። ፊት መብራቱ ይብራ፣ የውስጥ መብራቱ ይብራ፣ ማራገቢያው ጫፍ ላይ ይሁን፣ ዝናብ ጠራጊው ይሥራ፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ይሁን፤ ባትሪው ግማሽ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ይሻላል፣ ብዙ ስለሚስብ። ድምፁን ሰርግ ላይ ከምንጠቀመው ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ ዘፈኑን አቆማለሁ።

ሃይኤሱን የፈተንን ቀን ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ እስከ ወለሉ ረገጠ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። የሞተሩ ጉርምርምታና በመስኮቱ የሚገባው የደጋው ነፋስ ብቻ ነበር የሚሰማው።